የክረምት እርጥበትና የድሮው ትራክተር፦ ከጎንደር ጋራዦች እስከ ኅብረት ሥራ ማኅበራት

ከጎንደር ከተማ ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ የሚዘልቀው ደጋ ከሰኔ እስከ መስከረም በዝናብና በጉም ተሸፍኖ ይከርማል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አርሶ አደሩ ለዘመናት መሬቱን ያረሰው በበሬ ነው። በሬ ዝናብ ቢመታውም ጠዋት ከበረቱ ወጥቶ ይጠመዳል። ሞተር ግን የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። በተለይ በቤንዚን የሚሠራው የድሮ ትራክተር ሌሊቱን ዝናብ አድሮበት ከሆነ ጠዋት አልነሳም ማለቱ የተለመደ ነው። የዘር ወቅት ደግሞ አይጠብቅም። በዚህ ምክንያት የእሳት ማቀጣጠያው ታሪክ ከአካባቢው የግብርና ታሪክ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም።

ሞተር ወደ ጎንደር ሲመጣ

የጎንደር መካኒክ የሚናገርበት ቋንቋ ራሱ ታሪክ ነው። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጣሊያን ወራሪ ጦር ከ1928 ዓ.ም ጀምሮ አገሪቱን በያዘባቸው ዓመታት ጎንደርን የአስተዳደር ማዕከል አድርጎ መንገድ ሠርቷል። በሊማሊሞ ገደል ላይ የተጠማዘዘው መንገድም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ወራሪው በወገራ የራሱን ገበሬዎች ለማስፈርም አቅዶ ነበር። ይሁን እንጂ በአርበኞች ተጋድሎና በኋላም በሽንፈቱ ምክንያት ሕልሙ መና ቀርቷል። በኅዳር 1934 ዓ.ም የጎንደር ጦሩ እጁን ሲሰጥ መንገዱና የሞተር ቃላቱ ግን እዚሁ ቀሩ።

በዓለም ደረጃም ትራክተር በስፋት ወደ ገበሬው የደረሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 የተመረተው ትንሹ ፈርጉሰን ከ500,000 በላይ ተሠርቶ ወደ ብዙ አገሮች ተሰራጭቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በቤንዚን፣ ሌሎቹም በቤንዚን ተነስተው ሲሞቁ በነጭ ጋዝ የሚሠሩ ነበሩ። የናፍጣው ዓይነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው።

በቀድሞው የበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ የተጀመረው በደጋው ሳይሆን በሁመራና በመተማ ቆላ ነበር። ከደጋው ብዙ ሰዎች ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያ ይወርዱ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን የባለሀብቶች ትልልቅ እርሻዎች ወደ መንግሥት እርሻነት ተለወጡ። በ1970ዎቹም በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቋመ፤ ቤላሩስ የተባለው ትራክተርም በአገራችን ታዋቂ ሆነ።

እርጥበት ለምን እሳትን ይገድላል?

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የካንዴላው ብልጭታ ነው። የባትሪው ኃይል 6 ወይም 12 ቮልት ብቻ በመሆኑ ብልጭታ ሊፈጥር አይችልም። ፑንቲናው ሲከፈት ቦቢናው ይህንን ኃይል ወደ 10,000 ቮልትና ከዚያም በላይ ያሳድገዋል። ዲስትሪቢተሩም በተራ በተራ ለካንዴላዎቹ ያከፋፍላል። ይህን ያህል ከፍተኛ ኃይል ቀላሉን መንገድ ይፈልጋል። በክዳኑ ወይም በሽቦው ላይ አቧራና ውሃ ካገኘ በዚያ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ይፈስሳል፤ ካንዴላው ጋ ሳይደርስም ይቀራል።

በማኅበራት ዘንድ በተለይ ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። የማዳበሪያ ብናኝ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ መዳብንም ይበላል። ስለዚህ ትራክተርን በማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ማሳደር ከዝናብ ያዳነው መስሎ ለባሰ ጉዳት ይዳርገዋል።

የደጋው ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በደባርቅ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ከአየሩ ስለሚበዛ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል።

ልምድ ያስተማረው ቅደም ተከተል

ነባር ኦፕሬተሮች መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት የሚጠይቁት ሞተሩ የቤንዚን ነው ወይስ የናፍጣ የሚለውን ነው። የናፍጣ ሞተር አየርን አምቆ በሚፈጠረው ሙቀት ነዳጁን ስለሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም። እርሱ በክረምት ካልተነሳ ባትሪው መድከሙን፣ ናፍጣው ውስጥ ውሃ መግባቱን ወይም በነዳጅ መስመሩ አየር መኖሩን ማየት ይገባል። ሆኖም አንዳንድ የቤላሩስ ዓይነቶች ትልቁን ሞተር የሚያስነሳ ባለ 10 ፈረስ ጉልበት ትንሽ የቤንዚን ሞተር አላቸው። እሱም በማግኔቶና በካንዴላ ስለሚሠራ እንደ ድሮዎቹ በእርጥበት ይቸገራል።

የቤንዚን ሞተር ከሆነ ሥራው ከቀላሉ ይጀመራል። የባትሪው ራሶች ነጭ ዝገት ይዘው እንደሆነ ይጸዳሉ፤ ይጠብቃሉ። ቀጥሎ ማርሹ ነጻ ተደርጎ አንድ ካንዴላ ይፈታል። ከሽቦው ሳይለይ አካሉ የሞተሩን ብረት እንዲነካ ይደረግና ሞተሩ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ሽቦውን በባዶ እጅ መያዝ ወይም በአቅራቢያው ቤንዚን ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ከታየ ችግሩ ያለው በነዳጁ በኩል ነው። ደካማና ቢጫ ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ የዲስትሪቢተሩ ክዳን ተከፍቶ ውስጡም ውጪውም በንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። በክዳኑ ላይ ስንጥቅ ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካለ ኃይሉ የሚያመልጠው በዚያ ስለሆነ ክዳኑ መለወጥ አለበት። በጨለማ ሞተሩ ሲዞር በሽቦዎቹ ላይ የሚታይ ሰማያዊ ብልጭታም ሽቦው ማርጀቱን ያመለክታል። ፑንቲናው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፤ ክፍተቱም በሞተሩ መመሪያ መሠረት ይስተካከላል። የካንዴላው ጥላሸት ተጠርጎ ይደርቃል።

በነጭ ጋዝ የሚሠራው ደግሞ ማታ ከመጥፋቱ በፊት ወደ ቤንዚን ሊመለስ ይገባዋል። ነጭ ጋዝ በካርቡራተሩ ውስጥ ካደረ ብልጭታው ደህና ሆኖም ቢሆን ቀዝቃዛ ሞተር አይነሳም። እሳት እያለ እሳት ሲፈለግ የሚዋለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ለማኅበራት የሚሰጠው ትምህርት

ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991 እንደገና ሕጋዊ መሠረት አግኝተው ዩኒየኖችን ማቋቋም ከጀመሩ ወዲህ ማሽን በጋራ መጠቀም የአርሶ አደሩ አንዱ አማራጭ ሆኗል። አዋጅ ቁጥር 985/2009ም ይህንኑ አጠናክሯል። ገደላማውና የተበጣጠሰው ማሳ ዛሬም የበሬ ነው። እንደ ደንቢያ ባለ ሜዳ ግን የአንድ ትራክተር መቆም የብዙ አባላትን ዘር ያዘገያል። ትራክተሩን የሚያቆመው ደግሞ ዘወትር ትልቅ ብልሽት አይደለም፤ ዋጋው ከማሽኑ ጋር የማይወዳደር የተሰነጠቀ ክዳን ወይም አንድ ካንዴላ ሊሆን ይችላል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ አንድ ገበሬ ብቻውን መለዋወጫ ማከማቸትና መካኒክ ማሠልጠን ይከብደዋል፤ ለማኅበር ግን ቀላል ነው። ስለሆነም ክረምት ሳይገባ በግንቦት ወር ሽቦዎችንና ክዳኖችን መፈተሽ፣ መጠባበቂያ ካንዴላና ፑንቲና በመጋዘን መያዝ፣ ለትራክተሩም ከማዳበሪያው የተለየ ደረቅ መጠለያ ማዘጋጀት የማኅበራት የሥራ አመራር ኮሚቴዎች ድርሻ ነው። ነባር ኦፕሬተሮች በእጃቸው ያለውን ዕውቀት ለወጣቶች እንዲያስተላልፉ ማድረግም እንዲሁ። ይህ ከተደረገ የሰኔ ጠዋት ጉም አባላቱን ከእርሻቸው አያስቀራቸውም።