መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በጥሬ ሥጋ ላይ፦ ምንነት፣ መተላለፊያ መንገድና መከላከያ

ጥሬ ሥጋ በአገራችን በበዓል፣ በሠርግና በእንግዳ መስተንግዶ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ምግብ ነው። ከዚሁ ጋር ተያይዞ በኅብረተሰቡ ዘንድ በስፋት የሚታወቀው የጤና ችግር የኮሶ ትል ነው። በጥሬ ሥጋ ላይ የሚገኙና ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን የተላመዱ ባክቴሪያዎች የሚያስከትሉት ጉዳት ግን የዚያን ያህል አይታወቅም። የኮሶ ትል በመድኃኒት በቀላሉ የሚወገድ ሲሆን፣ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ የሚመጣ ሕመም ግን የተለመደውን ሕክምና ዋጋ ያሳጣል። ይህ መረጃ የችግሩን ምንነት፣ የመከላከያ መንገዶቹንና አገልግሎት የሚገኝባቸውን ተቋማት ይገልጻል።

መድኃኒት መላመድ ምን ማለት ነው?

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች (አንቲባዮቲክ) ባክቴሪያዎችን የሚገድሉ ወይም እንዳይራቡ የሚገቱ መድኃኒቶች ናቸው። አሞክሲሲሊን፣ ቴትራሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን በምሳሌነት ይጠቀሳሉ። ባክቴሪያዎች እነዚህን መድኃኒቶች የመቋቋም ባሕርይ ሲያዳብሩ ቀድሞ ያድን የነበረው መድኃኒት መሥራቱን ያቆማል።

መድኃኒቱን የሚላመደው የታማሚው ሰውነት ሳይሆን ባክቴሪያው ራሱ ነው። በመሆኑም ከዚህ በፊት አንቲባዮቲክ ወስዶ የማያውቅ ሰው መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ሊታመም ይችላል። በተጨማሪም የመላመድ ባሕርይን የሚሸከመው ጂን ከአንድ ባክቴሪያ ወደ ሌላ የመተላለፍ ችሎታ አለው። ከሥጋ ጋር ወደ አንጀት የገባ ባክቴሪያ ራሱ ሕመም ባያስከትል እንኳ ባሕርይውን ለሌሎች ጎጂ ባክቴሪያዎች ሊያስተላልፍ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም አቀፍ ደረጃ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት ሕይወታቸው እንዳለፈ ይገመታል። ይህ አኃዝ ከምግብ የሚመጡትን ብቻ ሳይሆን በሁሉም መንገድ የሚተላለፉትን ያጠቃልላል።

ባክቴሪያዎቹ ወደ ሥጋ የሚደርሱት እንዴት ነው?

ሳልሞኔላ፣ ኢ. ኮላይና ካምፒሎባክተር የተባሉት ባክቴሪያዎች ጤነኛ በሚመስሉ ከብቶች፣ በጎች፣ ፍየሎችና ዶሮዎች አንጀት ውስጥ ይኖራሉ። እንስሳቱ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ወይም ከተገቢው መጠን በታች አንቲባዮቲክ ሲሰጣቸው በመድኃኒቱ የሚሸነፉት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ የተላመዱት ግን ተርፈው ይራባሉ።

በእርድ ወቅት እነዚህ ባክቴሪያዎች ከአንጀት፣ ከፈርስና ከቆዳ ወደ ሥጋው ይተላለፋሉ። ቢላዋ፣ የሠራተኛ እጅ፣ ንጽሕናው ያልተጠበቀ ውኃ፣ የማጓጓዣ ተሽከርካሪና የመክተፊያ ጣውላም ያሰራጯቸዋል። በአዲስ አበባ በሥጋ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ሳልሞኔላ መገኘቱን፣ ከተገኙትም መካከል እንደ ቴትራሳይክሊንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መድኃኒቶችን የተላመዱ መኖራቸውን አሳይተዋል።

ጤነኛ ከሆነ እንስሳ የተገኘ ሙሉ ሙዳ ሥጋ ላይ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚገኙት በውጫዊው ገጽ ነው። ሥጋው ሲከተፍ ወይም ሲፈጭ ግን በላዩ የነበሩት ወደ ሁሉም ክፍል ይዳረሳሉ። በዚህ ምክንያት ጥሬ ክትፎ ከቁርጥ የበለጠ ሥጋት አለው። ጨጓራ የሚገባበት ጥሬ ወይም ለብለብ ዱለትም እንዲሁ ከፍተኛ ጥንቃቄ ይሻል።

የቄራ ማኅተም ምን ያረጋግጣል?

በቄራ የሚደረገው ምርመራ የእንስሳውን ጤንነትና በሥጋው ላይ በዓይን የሚታዩ ችግሮችን፣ ለምሳሌ የኮሶ ትል እጭና የሳንባ ነቀርሳ ምልክቶችን ለመለየት ያስችላል። በመሆኑም ማኅተም የሌለውን ሥጋ አለመግዛት መሠረታዊ ጥንቃቄ ነው። ሆኖም ባክቴሪያ በዓይን ስለማይታይ ማኅተሙ ሥጋው በጥሬው ለመበላት ከባክቴሪያ ነፃ መሆኑን አያረጋግጥም። መልካም ቀለምና ጠረንም እንዲሁ ማረጋገጫ አይሆኑም።

መታረም ያለባቸው አመለካከቶች

• «ሚጥሚጣና አዋዜ ይገድሉታል»፦ ቅመማ ቅመም ጣዕም ይሰጣል እንጂ በሥጋ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎችን አያስወግድም። ከሥጋው ጋር የሚጠጣ አረቄም ሆነ ሌላ አልኮል ይህን አያደርግም።

• «ኮሶ መጠጣት በቂ ነው»፦ ኮሶም ሆነ የዘመናዊው የኮሶ ትል መድኃኒት የሚሠራው በትል ላይ ነው፤ ባክቴሪያን አይመለከትም።

• «በረዶ ቤት የቆየ ሥጋ አያሠጋም»፦ በቂ ጊዜ በጥልቅ ማቀዝቀዝ የኮሶ ትል እጭን ሊገድል ይችላል። ባክቴሪያዎችን ግን ከመራባት ይገታል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይገድልም፤ ሥጋው ሲቀልጥ እንደገና ይራባሉ።

• «ትኩስ እርድ ስለሆነ ንጹሕ ነው»፦ ብክለቱ የሚከሰተው በእርዱ ሰዓት በመሆኑ ትኩስነት ብቻውን ዋስትና አይሰጥም።

• «መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ በእሳትም አይሞትም»፦ ይህ ትክክል አይደለም። መድኃኒት የተላመደውም ሆነ ያልተላመደው ባክቴሪያ በበቂ ሙቀት ይሞታል። ዋናው መከላከያም ይኸው ነው።

በቤት ውስጥ ሊደረጉ የሚገቡ ጥንቃቄዎች

1. ሥጋ የመሃል ክፍሉ ቢያንስ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ማብሰል። ቴርሞሜትር በማይኖርበት ቤት የሥጋው ውስጥ ቀይ መሆኑ መቅረቱንና የሚወጣው ፈሳሽ መጥራቱን ማየት ይረዳል። ለብለብ ማድረግ ወደዚህ ሙቀት አያደርስም።

2. ለጥሬ ሥጋ የሚያገለግለውን ቢላዋና መክተፊያ ለሰላጣ፣ ለእንጀራና ለሌላ ሳይበስል ለሚበላ ምግብ አለመጠቀም። ጥሬ ሥጋ ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ።

3. ዶሮ ሲታጠብ ውኃው በአካባቢው እንዳይረጭ በሰፊ ሳህን ውስጥ ማጠብ፣ ከዚያም ሳህኑንና ሥፍራውን በሳሙና ማጽዳት። ሎሚና ጨው የማብሰልን ያህል ባክቴሪያን እንደማያስወግዱ መገንዘብ ይገባል።

4. ሥጋን ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ማስቀመጥና ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አለማቆየት። ኢ. ኮላይ ምቹ ሙቀት ሲያገኝ በ20 ደቂቃ ገደማ ቁጥሩን በእጥፍ ያሳድጋል።

5. በቅርጫ እርድ ጊዜ አንጀትና ጨጓራ እንዳይቀደድ መጠንቀቅ፣ የሆድ ዕቃውን የሚያጸዳውንና ሥጋውን የሚከፋፍለውን ሰው መለየት፣ ሥጋውን በንጹሕ ሸራ ወይም ጠረጴዛ ላይ እንጂ በመሬት ላይ አለመከፋፈል።

ጥሬ ሥጋን በቤት ውስጥ ከዚህ ሥጋት ሙሉ በሙሉ ነፃ ማድረግ የሚቻልበት መንገድ ማብሰል ብቻ ነው። በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ የስኳር ሕመም፣ ካንሰር ወይም ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸው ሰዎች ጥሬም ሆነ ለብለብ ሥጋ እንዳይመገቡ ይመከራል። በበዓል ማዕድ ላይ ለሕፃናት ጥሬ ሥጋ ማጉረስም ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

ለእንስሳት አርቢዎች

የእንስሳት አንቲባዮቲክ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ብቻ መሰጠት አለበት። መድኃኒት የተሰጠው እንስሳ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተመለከተው የመታቀቢያ ጊዜ ሳያልፍ ሊታረድ አይገባም። ይህ ጊዜ የሚጠብቀው የመድኃኒት ቅሪት በሥጋው ውስጥ እንዳይገኝ ነው። ማብሰል ባክቴሪያን ቢገድልም የመድኃኒት ቅሪትን በአስተማማኝ ሁኔታ አያስወግድም።

ጤነኛ እንስሳትን ለማፋፋት ሲባል አንቲባዮቲክ መስጠት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ እንዲቆም የተመከረ ድርጊት ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ይህን ከእ.ኤ.አ. ጥር 2006 ጀምሮ ከልክሏል። ክትባት፣ የበረት ንጽሕናና በቂ መኖ የመድኃኒትን አስፈላጊነት ይቀንሳሉ።

ሕመም ሲያጋጥም

ከተበከለ ሥጋ የሚመጣ ሕመም ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ትውከትና ትኩሳት ያስከትላል። አብዛኛው ያለ አንቲባዮቲክ የሚሻል በመሆኑ ዋናው ነገር የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው፤ ለዚህም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) መጠቀም ይገባል። ከቀድሞ ሕክምና የተረፈ አንቲባዮቲክ መውሰድ ወይም ያለ ሐኪም ማዘዣ መግዛት የመላመድ ችግሩን ያባብሳል።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከሦስት ቀን በላይ የቆየ ተቅማጥ ወይም የሰውነት ፈሳሽ ማለቅ ምልክት ሲታይ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ታማሚው ከዚህ ቀደም የወሰዳቸውን መድኃኒቶችና ጥሬ ሥጋ መመገቡን ለባለሙያው ቢገልጽ ሐኪሙ ተገቢውን ምርመራና መድኃኒት ለመምረጥ ይረዳዋል። የታዘዘው አንቲባዮቲክም እንደ ትእዛዙ መወሰድ አለበት።

ጥቆማና አገልግሎት

• ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ የሰው አንቲባዮቲክና ደኅንነቱ ስለሚያጠራጥር ምግብ፦ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ነፃ የስልክ መስመር 8482።

• ስለ እንስሳት መድኃኒት ጥራትና ሕገ ወጥ ሽያጭ፦ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን።

• ስለ እንስሳት ሕክምናና የመድኃኒት አጠቃቀም ምክር፦ በየወረዳው የሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ።

• ማኅተም ስለሌለው ሥጋና ከቄራ ውጭ ለሽያጭ ስለሚደረግ እርድ፦ የከተማው ቄራ ወይም የአካባቢው አስተዳደር።

ጥቆማ የሚያቀርብ ሰው የሻጩን አድራሻ፣ የተገዛበትን ቀንና ካለው ደረሰኙን ቢያቀርብ ማጣራቱን ያፋጥናል።