ዝም ብሎ የሚቆም እንስሳ
(ስለ ፊልም አሻንጉሊት አሠራር ታሪክ)

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ሲነገር ሰምተናል። በጨርቅ ላይ የሚሮጥ ጥላ የሰይጣን ሥራ ካልሆነ የማን ሊሆን ይችላል ተብሎ ነበርና። ከሥላሴ ወደ ፒያሳ ስንሄድ ይህን ስም እያነሣን መሳቃችን አልቀረም። ይሁን እንጂ ሕይወት የሌለው ነገር ሲንቀሳቀስ አይቶ የተታለለ የኛ ሰው ብቻ አልነበረም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1910 በሊቱዌኒያ አገር በካውናስ ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ኃላፊ የነበረው ላዲስላስ ስታሬቪች ቀንዳም ጥንዚዛዎች ሲዋጉ ፊልም ሊያነሣ አሰበ። ጥንዚዛዎቹ ግን የሌሊት ፍጥረቶች በመሆናቸው መብራት በበራባቸው ቁጥር ፈዘው ይቀሩ ነበር። ስለዚህ የሞቱትን ወስዶ እግራቸውንና መንጋጋቸውን ነቀለ፤ በሽቦና በሰምም መልሶ ገጠማቸው። ከዚያ በኋላ እግራቸውን ጥቂት ጥቂት እያዞረ አንድ አንድ ፎቶግራፍ አነሣ። ሥዕሎቹ ተከታትለው ሲታዩ ጥንዚዛዎቹ ተዋጉ። ቀጥሎ የሠራቸውን ፊልሞች ካዩት ሰዎች ብዙዎቹ ነፍሳቱ እንደ ፈረስ ተገርተው የሚጫወቱ መስሏቸው ነበር ይባላል።

የዚህ ጥበብ ችግር አሻንጉሊቱን ማንቀሳቀስ ይመስለናል። ማንቀሳቀስስ ማንም ሕፃን ያንቀሳቅሰዋል። አስቸጋሪው ነገር እጅ ሲለቀው በዚያው አቋም ጸንቶ እንዲቆም ማድረግ ነው። ለአንድ ሰኮንድ ፊልም 24 ሥዕል ያስፈልጋል፤ በሁለቱ ሥዕሎች መካከል አንገቱ በገዛ ራሱ ጥቂት ቢወርድ ተመልካቹ እንስሳው የተንቀጠቀጠ ይመስለዋል።

በ1933 የወጣው «ኪንግ ኮንግ» የተባለው ፊልም ይህን ችግር እንዴት እንዳቃለለው ማየት ይጠቅማል። በፊልሙ ከፎቅ ላይ የሚወጣው ታላቅ ጎሪላ፣ በአብዛኛው ትዕይንት፣ ቁመቱ ከ45 ሳንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ አሻንጉሊት ነበር። በሜክሲኮ የተወለደው ማርሴል ደልጋዶ ለዊሊስ ኦብራየን ሲሠራው መጀመሪያ የብረት አጽም አበጀለት። የጭናችን አጥንት ራስ በዳሌ ጎድጓዳ ውስጥ እንደሚዞር፣ የአጽሙም መገጣጠሚያ በጎድጓዳ ውስጥ የሚዞር ትንሽ የብረት ኳስ ነው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ኳሱ በተተወበት ይቆያል። በአጽሙ ላይ ጥጥና ጎማ እንደ ጡንቻ ተደረገ፤ በመጨረሻም የጥንቸል ጠጉር ለበሰ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በሸለቆው ያየውም ሥርዓት ይኸው ነው፤ አስቀድሞ አጥንት፣ ከዚያ ጅማትና ሥጋ፣ ከዚያ ቆዳ። ጠጉሩ ግን ምስጢር አልጠበቀም። በሠሪው ጣት እየተነካካ ስለሚተኛና ስለሚነሣ፣ ፊልሙን ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ነፋስ የሌለበት ጎሪላ ጠጉሩ ሲርገበገብ ያያል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤት ሕንፃ፣ ማለት እዚሁ አራዳ ላይ፣ ሥራ ጀመረ። ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሁላችን አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ ለብዙ ዘመን ለልጆች ተረት ይነግሩበት ነበር። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ፀሐይ የምትባል የስድስት ዓመት ቀጭኔ መጣች። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ዝግጅት የመሠረቱት መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹን አሻንጉሊቶች ከካልሲ ሠርተው በቤታቸው ነበር የጀመሩት። ሥራቸው በ2008 የጃፓንን ሽልማት አግኝቷል። ነገር ግን ፀሐይ የእጅ አሻንጉሊት ናት፤ አጽሟ በውስጧ ያለው የሰው እጅ ነው። እጁ ሲወጣ ትወድቃለች። ከስታሬቪች ጥንዚዛ የምትለየው በዚህ ነው።

ይኸው ስታሬቪች ወደ ፈረንሳይ ተሰዶ፣ አንበሳ የነገሠበትንና ተንኰለኛ ቀበሮ ሁሉንም የሚያታልልበትን የአውሮፓ ተረት ከልጁ ከኢሬን ጋር በአሻንጉሊት ሠርቷል፤ ፊልሙ በ1937 በበርሊን ታየ። አያ ጅቦንና ጦጢትን ለሚያውቅ ልጅ ይህ ተረት እንግዳ አይሆንበትም። በእኔ አስተያየት የኛ ተረቶች ለዚህ ሥራ ከማንም አያንሱም።

እኔና አንድ ጓደኛዬ ለትምህርት ቤታችን በዓል አያ ጅቦን ለመሥራት የተነሣነው ይህን ብለን ነው። የብረት ኳስ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ በሽቦ ሠራን። የመጀመሪያው የመዳብ ሽቦ ነበር፤ ቶሎ ደረቀና ተሰበረ። ሁለተኛውን ለስላሳ አሉሚኒየም አደረግነው፤ ሁለት ክር አብረን ፈትለን በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ሸፈንነው፤ በላዩም የፍየል ቆዳ ሰፋንበት። እንዳይወድቅም ከጣውላው ሥር በእግሮቹ ብሎን አስገባን። ፎቶግራፉን በስልክ ስናነሣ ለሰኮንድ 12 ብቻ በቃን። አሉሚኒየሙም ቢሆን በአንድ ቦታ ደጋግሞ ሲታጠፍ ውስጥ ውስጡን ይደክማል፤ በ203ኛው ሥዕል ላይ የኋላ ግራ እግሩ ከጉልበቱ ተቀነጠሰ። በዓሉ ሦስት ቀን ቀርቶት ስለነበር ቆዳውን ፈትተን አዲስ አጽም ለማስገባት ጊዜ አልነበረንም። ተማከርንና ተረቱን ለወጥነው፤ አያ ጅቦ የቀረውን ነገር ሁሉ ተኝቶ ተናገረ።