ዜና ሹማከር፣ የድንጋይ ከሰል መካሪ

ይህ ዜና በጀርመን ተወልደው በእንግሊዝ የኖሩት፣ ለ20 ዓመትም የእንግሊዝ ብሔራዊ የድንጋይ ከሰል ቦርድ የኢኮኖሚ አማካሪ የነበሩት የኤርንስት ፍሪድሪክ ሹማከር ዜና ነው። የጻፍነው በአዊ ምድር፣ በእንጅባራ ከተማ ተቀምጠን ነው። የአዊ ሰው ከሰል ያከስላል፣ ከሰል ይነግዳል፣ በከሰል ገንዘብ ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል፣ ልጁን ያስተምራል። ስለዚህ ዕድሜያቸውን ስለ ማገዶ ሲያስቡ የኖሩ ሰው ታሪክ ለዚህ አገር ባዕድ አይሆንም።

የነገሥታትን ዜና የጻፉ አባቶች ስለ ጦርና ስለ ግብር፣ ስለ ሹመትና ስለ ሽረት ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ማገዶ የጻፉት ጥቂት ነው። ነገር ግን ማገዶ ከተማ ያጸናል፣ ከተማም ያስነሣል። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀና፣ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ኋላ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተተክሎ በጥቂት ዓመት ስለ ደረሰ ከተማዪቱ ባለችበት ቀረች። ይህን በልባችን ይዘን ወደ ሹማከር ነገር እንግባ።

ሹማከር በቦን ከተማ ነሐሴ 10 ቀን 1903 ዓ.ም. ተወለዱ። በአገራችን ዳግማዊ ምኒልክ በደዌ ተይዘው ልጅ ኢያሱ ማስተዳደር የጀመሩበት ዘመን ነበር። አባታቸው ኸርማን ሹማከር የኢኮኖሚ ፕሮፌሰር ነበሩ። ልጁም ያደጉት በጦርነትና ከጦርነቱ በኋላ በመጣው መከራ ነው። በ1916 ዓ.ም. መግቢያ የጀርመን ገንዘብ ዋጋ አጥቶ አንድ ዳቦ በቢሊዮን በሚቆጠር ማርክ ተሸጠ። እንዲህ ያለውን ነገር በ12 ዓመቱ ያየ ልጅ፣ ቁጥር ብቻውን ሀብት እንዳልሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት በ1923 ዓ.ም. ሹማከር በሮድስ ስኮላርሺፕ ኦክስፎርድ ገቡ። ከዚያም ባሕር ተሻግረው በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሩም፣ አስተማሩም።

በዚያው ዘመን በእኛዋ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረ። ቆንስሉም ሮበርት ቺዝማን ይባሉ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ ተቀምጠው የጣናን ዳርና የዓባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር እየዞሩ ካርታ አነሡ። እንግሊዝ ለሱዳን ጥጥና ለግብፅ እርሻ ስትል በጣና አፍ ላይ ግድብ ለመሥራት ትመኝ ነበርና። ይህን የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም፤ የውኃችንን ልክ ከእኛ ቀድሞ የለካው እንግዳ መሆኑ እንዳይረሳ ነው።

ሂትለር ጀርመንን ከያዘ በኋላ ሹማከር በትውልድ አገራቸው መኖር ልባቸው አልፈቀደም። አግብተው በ1929 ዓ.ም. ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ለንደን ተሰደዱ። በዚያ ወራት ንጉሠ ነገሥታችንም በዚያው አገር፣ በባዝ ከተማ፣ በስደት ነበሩ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እንግሊዞች በአገራቸው ያሉትን ጀርመኖች እንደ ጠላት ዜጋ ሰበሰቧቸው፤ ሹማከርም ታሰሩ። በኖርዝአምፕተንሽር ገጠርም የእርሻ ሠራተኛ ሆነው ቆዩ። ከዚያ እርሻ የተረፈ፣ ኋላ ራሳቸው ይተርኩት የነበረ አንድ ነገር አለ። ሥራቸው በየማለዳው ወደ ኮረብታ ወጥቶ በግጦሽ ያሉትን ከብቶች መቁጠር ነበር። 32 ይቆጥራሉ፣ ወርደው 32 ናቸው ይላሉ፣ ቁርሳቸውን ይበላሉ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግን በየቀኑ ከቆጠርካቸው አይፋፉም አሏቸው። ሹማከርም የተማሩ ናቸውና ነገሩን ንቀው አለፉት። አንድ ቀን ቢቆጥሩ 31 ሆነ፤ አንዱ ከቁጥቋጦ ሥር ሞቶ ተገኘ። ያን ጊዜ ቁጥሩን ሲያዩ ከብቱን አለማየታቸው ገባቸው። የአንዱን ዓይን፣ የሌላውን ቆዳ፣ የአካሄዱን ነገር አንድም ቀን ልብ ብለው አልተመለከቱም ነበር። ኋላ ሹማከር የብዙ ሚሊዮን ቶን ከሰል ስታቲስቲክስ ኃላፊ ሆነዋል፤ የዚህ ዜና ጸሐፊ ግን ከሹመታቸው ሁሉ ይልቅ ይህችን የኮረብታ ትምህርት ያከብራል።

ሹማከር በእርሻ ሳሉ ማታ ማታ አገሮች ከጦርነቱ በኋላ ንግዳቸውን እንዴት እንደሚያወራርዱ የሚያሳይ ሐሳብ ጻፉ። ጽሑፉ ከታላቁ ኢኮኖሚስት ከጆን ሜይናርድ ኬይንስ እጅ ደረሰ፤ ኬይንስም ወደዱት። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተላቸው። ወደ ኦክስፎርድ ተመልሰው፣ ሥራ ለሁሉ ስለማዳረስ ዊልያም ቤቨሪጅ ላዘጋጁት ጥናት ረዳት ሆኑ።

በዚያው የጦርነት ዘመን በአገራችን ታላቅ ነገር ሆነ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ገቡ። ጌዴዎን የተባለው ጦር በኮሎኔል ዊንጌት እየተመራ፣ አርበኞችም እየተቀላቀሉት፣ በበላያ ተራራ በኩል ወደ አገው ምድር ወጣ። ጣልያንም ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ሸሸ። በሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሹማከር የእንግሊዝ ዜግነት ተቀበሉ፤ በፈረሰችው ጀርመንም ለእንግሊዝ አስተዳደር የኢኮኖሚ አማካሪ ሆነው እስከ 1942 ዓ.ም. አገለገሉ። በዚያው ዓመት ወደ ለንደን ተመልሰው ከብሔራዊው የድንጋይ ከሰል ቦርድ ገቡ። ይህ ቦርድ ታኅሣሥ 23 ቀን 1939 ዓ.ም. የእንግሊዝን የከሰል ጉድጓዶች ከባለሀብቶች እጅ ተረክቦ ነበር። በእርሱም ሥር 700,000 ያህል ሰው ይሠራ ነበር።

እንግዲህ የሹማከር ክርክር ከዚህ ይጀምራል። በዚያ ዘመን ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጣው ነዳጅ ዘይት እጅግ ርካሽ ነበር። ሹማምንቱም ከሰሉ ይዘጋ፣ ዘይቱ ይግባ ይሉ ነበር። ሹማከር ግን እየደጋገሙ ተቃወሙ። ዘይቱ የሚያልቅ ነው፤ የሚገኘውም በጥቂት አገር ነው፤ ርካሽነቱም የዛሬ ብቻ ነው አሉ። ደግሞም የተዘጋ ጉድጓድ በውኃ ይሞላል፣ ጣሪያው ይናዳል፣ ሠራተኛውም ይበተናል፤ ነገ እንፈልገው ብንል አይመለስም አሉ። የሐሳባቸው ሥር ይህ ነበር፦ ሰው ከምድር የሚቆፍረውን ነዳጅ እንደ ዓመት ገቢ ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን ጥሪት ነው። የዘር እህሉን ከጎተራ እያወጣ እየበላ ዘንድሮ ጥጋብ ሆነልኝ የሚል ገበሬ ማለት ነው።

አልተሰሙም። ሎርድ ሮበንስ ቦርዱን በመሩበት በ10 ዓመት ውስጥ ጉድጓዶቹ ከ698 ወደ 292፣ ሠራተኞቹም ከ583,000 ወደ 283,000 ወረዱ። ሮበንስም ራሳቸው ለከሰሉ ይከራከሩ ነበር፤ ዘመኑ ግን የዘይት ነበር።

በዚህ ላይ ግን እውነቱን መጻፍ ይገባናል። ሹማከር ለከሰል ሲከራከሩ ከሰል የሚያስከፍለውን ዋጋ በሚገባው ልክ አልመዘኑትም እንላለን። በ1945 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ የከሰል ጭስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ ለንደንን ለ5 ቀን ሸፍኗት፣ በጊዜው በተቆጠረው ብቻ 4,000 ያህል ሰው ሞተ። ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም. ደግሞ በዌልስ አበርፋን በሚባል መንደር ከጉድጓድ የወጣ የአፈር ክምር ተንዶ በትምህርት ቤት ላይ ወደቀ። 144 ሰው ሞተ፤ ከእነርሱም 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ዛሬም የድንጋይ ከሰል የዓለምን አየር ከሚያሞቁት ዋነኛው ነው። የሊቁ ምክር በጥሪት ነገር ትክክል ነበረ፤ በጭስ ነገር ግን ጎደሎ ነበረ።

በ1947 ዓ.ም. ሹማከር ወደ በርማ ተልከው 3 ወር መንግሥቱን አማከሩ። ገቢያቸው ትንሽ፣ ኑሯቸው ግን የሰከነ ሰዎችን አዩ። ከዚያ ወዲህ ድሃ አገር የባለጠጋውን ትልቅ መኪና ከመገልበጡ በፊት፣ ከዶማ የበለጠ ከትራክተር ያነሰ፣ ባላገሩ ራሱ ሊሠራውና ሊጠግነው የሚችል መሣሪያ ያስፈልገዋል እያሉ ያስተምሩ ጀመር። በፈረንጆች 1966 ከጓደኞቻቸው ጋር ይህን ሥራ የሚሠራ ማኅበር አቋቋሙ። በግል ኑሯቸውም እንዲሁ ነበሩ። በቤታቸው አጠገብ አትክልት ይኮተኩታሉ፣ ስንዴ ፈጭተው ዳቦ ይጋግራሉ፤ የአፈርን ጤና የሚጠብቅ ማኅበርም በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

በፈረንጆች 1973 «ትንሽነት ውብ ነው» የተባለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የዓረብ አገሮች ዘይት ከለከሉ፤ በጥቂት ወር ውስጥ የበርሜሉ ዋጋ 4 እጥፍ ሆነ። ለ20 ዓመት ያልተሰማው ቃል በአንድ ዓመት ተሰማ። ያው እሳት እኛም ደጅ ደረሰ። የቤንዚን ዋጋ ቢጨምር በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። በድርቅ፣ በመሬት ጥያቄና በወታደሩ ቅሬታ ላይ ይህ ተጨምሮ ዓመት ሳይሞላ ዘውዱ ወደቀ። የማገዶ ነገር የቤተ መንግሥት ነገር መሆኑን ለሚጠራጠር ይህ ይበቃዋል።

ሹማከር ነሐሴ 29 ቀን 1969 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ በባቡር ሲጓዙ ሞቱ። ዕድሜያቸው 66 ነበር። የ8 ልጆች አባት ነበሩ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ዳገት ላይ ዛሬ የሚታየው አረንጓዴ ዛፍ ዲከረንስ ይባላል፤ እንደ ባሕር ዛፍ እርሱም የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው። የአዊ አፈር በዝናብ ብዛት ታጥቦ ኮምጣጣ ሆኗልና፣ ገብስና ስንዴ ሲለግምበት ገበሬው ይህን ዛፍ ያዘ። ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል፤ ቀጥሎ በዛፉ መካከል ለከብቱ ሣር ያገኛል፤ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ዓመት ይቆርጣል። እንጨቱን ከምሮ በሣርና በአፈር ይደፍነውና እሳት ይለኩስበታል። ሌሊቱን እየተነሣ ይጠብቃል፤ ክምሩ ከተሰነጠቀ ነፋስ ገብቶ ሁሉን አመድ ያደርገዋልና ስንጥቁን በአፈር ይደፍናል። ጭሱ መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ነው፤ እየቀጠነ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ከሰሉ መድረሱን ያውቃል። ከዚያ በጆንያ ሞልቶ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይልከዋል። መሬቱም የዛፉ ሥር አድሶት እንደገና ይታረሳል።

ሹማከር ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር ብለን እናምናለን። ይህ ማገዶ ከጥሪት የሚወጣ ሳይሆን ከዓመት ምርት የሚገኝ ነውና፤ ችግኙን የሚተክለው፣ የሚያከስለውም፣ የሚሸጠውም ያው ባላገር ነው። ይህንንም ገበሬው ራሱ ከአፈሩ ጋር ተማክሮ ያስፋፋው ነው። ግን ሁለት ነገር ያሳስበናል። አንደኛው፣ አገሩ ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ተደግፎ ሳለ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የፈንገስ በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ አደረቀ፤ በዲከረንስ ዕዳውን ሊከፍል ያሰበ ገበሬ ባዶ እጁን ቀረ። ሁለተኛው፣ በአፈር ክምር ሲከሰል ብዙ ጊዜ ከእንጨቱ ክብደት አምስተኛው እጅ እንኳ ከሰል ሆኖ አይወጣም፤ ቀሪው ጭስ ሆኖ ይሄዳል፤ ጭሱም በአክሳዩ ሳንባና ዓይን ላይ ያርፋል።

የኃይል ዕቅድ ሲወጣ በብዛት የሚወራው ስለ ሜጋዋት ነው። የጣና በለስ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋት ይዞ ተመረቀ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት ይዞ ተመረቀ። በዚህ ደስ የማይለው ኢትዮጵያዊ የለም። ነገር ግን የገጠሩ እናት እንጀራዋን ዛሬም በእንጨት ትጋግራለች፣ የከተማዋም ወጧን በከሰል ትሠራለች። ከእንጨቱ እስከ ግማሽ ያህል የሚያተርፈው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ፣ ከሰል የሚቆጥበው «ላቀች» የተባለው ምድጃም ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአገራችን ባለሙያዎች የተሠሩ ናቸው፤ ገና በየቤቱ አልደረሱም።

ስለዚህ ቃላችን ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ለዞኑና ለወረዳ የግብርናና የኃይል ሹማምንት ነው። የዲከረንስን በሽታ መርምሩ፤ ለገበሬው ከዲከረንሱ ጋር አደባልቆ የሚተክለውን የሌላ ዓይነት ዛፍ ችግኝ አቅርቡ፤ የተሻለ የከሰል ማክሰያ ከአክሳዩ ጋር በማሳው ላይ ሆናችሁ ሞክሩ። የኃይል ዕቅዳችሁንም ስትጽፉ ከሜጋዋቱ ጎን የአዊን ከሰል በጆንያ ልክ ቁጠሩት፤ ከመቁጠራችሁም በፊት ወደ ማሳው ወጥታችሁ ዛፉን እዩት።