ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አልኮል ሱስ የድጋፍ ቡድን ሲሄዱ

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት ለራስዎ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለባለቤትዎ፣ ለወንድምዎ፣ አብሮዎት ለሚያገለግል ሰው። በአብያተ ክርስቲያናችን ከአልኮል መራቅ የታወቀ ትምህርት ስለሆነ፣ የሚጠጣ አማኝ ብዙውን ጊዜ ተደብቆ ይጠጣል። የሲኤምሲው ነዋሪ ካዛንቺስ ሄዶ ይጠጣል፤ እሁድ ጠዋት ግን ከመዘምራኑ ጋር ይቆማል። ስለዚህ ብዙዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «ስብሰባው የት ነው?» ብለው ሳይሆን «ማን ያየኛል?» ብለው ነው።

የቡድኑ ስም ራሱ ለዚህ መልስ አለው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤ.ኤ.፣ ማንነታቸው የማይገለጽ የአልኮል ሱሰኞች ማለት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ ነው። ለጥቂት ወራት ከመጠጥ የራቀው ቢል ዊልሰን ለሥራ በሄደበት በዚያ ከተማ የመጠጣት ፍላጎቱ ሲያይልበት፣ መጠጥ ቤት ከመግባት ይልቅ ለአንድ ቄስ ስልክ ደወለ። በዚያ በኩል ቦብ ስሚዝ ከተባለ ጠጪ ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ ለ15 ደቂቃ ብቻ ብሎ ተቀመጠ፤ ለሰዓታት አወሩ። ምክርማ ከዚያ በፊትም ብዙ ሰምቶ ነበር። የያዘው ነገር፣ የሚያናግረው ሰው ራሱ በዚያው መንገድ ያለፈ መሆኑ ነው።

ወደ ስብሰባው ከመሄድዎ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጡ ከሆነ ያለ ሐኪም በአንድ ጊዜ አያቁሙ። ካቆሙ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥና ማላብ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥል ይችላል፤ ከዚያም በኋላ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፣ ይቃዣል። ይህ ለሞት ሊያደርስ የሚችል ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። ለጸሎት የከበቡት ወገኖች ርኩስ መንፈስ መስሏቸው ሌሊቱን ሙሉ ሊያቆዩት ይችላሉ። ጸሎቱ ይቀጥል፣ ታክሲ ግን ይጠራ! መጠጥ ማቆምንና የቀናት ጾምን አንድ ላይ መጀመርም አይገባም፤ ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው አካል ብዙውን ጊዜ ቫይታሚን ቢ1 ጎድሎታል። ለሲኤምሲ ነዋሪ የካ ኮተቤ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ማእከል ሆኖ ያወቁት ብዙዎች ናቸው፣ የአእምሮ ሕክምናም ይሰጣል። መርካቶ አካባቢ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታልም አለ።

ስለ ድጋፍ ቡድን የሚጠይቁትም እዚያው ነው። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርሶችና አማካሪዎች የትኛው ቡድን የት እንደሚሰበሰብ ይሰማሉ። የኤ.ኤ. ዓለም አቀፍ ድረ ገጽም በየአገሩ ያሉ መገናኛዎችን ይዘረዝራል። ቦታና ሰዓት ስለሚለዋወጥ አስቀድመው ደውለው ያረጋግጡ፤ ሰዓቱ በእኛ ይሁን በፈረንጅ ሳይጠይቁ ስልኩን አይዝጉ። በኢንተርኔት የሚደረጉ ስብሰባዎችም አሉ፤ በታኅሣሥ ወር ለንደን ቀትር ሲሆን ሲኤምሲ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የሚያውቁትን ሰው ማግኘት ካስፈራዎት ከሰፈርዎ ራቅ ያለ ቡድን ይምረጡ። ለመጠጥ ካዛንቺስ የወሰደ ታክሲ ለዚህም ይወስዳል።

«ክፍት» በሚባለው ስብሰባ ማንም ሰው መገኘት ይችላል፤ «ዝግ» የሚባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቀን ከጓደኛ ጋር መሄድ ከፈለጉ ክፍቱን ይጠይቁ። ስብሰባው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መዝገብ የለም፣ ክፍያ የለም፤ መዋጮ ቢሰበሰብም አዲስ ሰው አይጠየቅም። በመጀመሪያ ስምዎ ብቻ ይጠራሉ። ተራ ሲደርስዎት «ዛሬ ልስማ» ማለት ይበቃል። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይገሥጽም፣ አይመክርም። በቤት ኅብረት ለለመድን ሰዎች ይህ ዝምታ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ከመውጣትዎ በፊት የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ይውሰዱ፤ የሚያስፈልግዎት በስብሰባው ሰዓት ሳይሆን ምሽት 3 ሰዓት ላይ ብቻዎን ሲሆኑ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «እምነቴን ይነካብኝ ይሆን?» ይላሉ። በአክረን የነበሩት የመጀመሪያዎቹ አባላት ኦክስፎርድ ግሩፕ ከተባለ የክርስቲያኖች እንቅስቃሴ የመጡ ነበሩ፤ የያዕቆብን መልእክት እጅግ ከመውደዳቸው የተነሣ ቡድኑ በያዕቆብ ስም ይጠራ ያሉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1939 በታተመው መጽሐፋቸው ግን እግዚአብሔርን እያንዳንዱ እንደሚረዳው አድርገው ጻፉ፤ ማንም በሩ ላይ እንዳይመለስ። ስለዚህ አጠገብዎ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ምንም የማያምን ሰው ሊቀመጥ ይችላል። እምነትዎን ተው የሚልዎት የለም። እርስዎም የመጀመሪያ ቀን ለመስበክ አይሂዱ።

ሽማግሌ ወይም መጋቢ ከሆኑ፣ ለአንድ ቡድን በሳምንት አንድ ምሽት ክፍል መፍቀድ ይችላሉ። በኤ.ኤ. ልማድ ቡድኑ ወጪውን በራሱ ስለሚሸፍን ለክፍሉ ልክፈል ቢልዎት አይከፉ፤ ጥቂትም ቢሆን ይቀበሉ። ቁልፉን ለእነርሱ ይስጡ፣ ማን እንደገባ ለማየትም በር ላይ አይቁሙ።