ጉልሕ ፊደል፦ ከጐንደር ብራና እስከ ሰንበት ትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ



ባለፈው ዓመት ነሐሴ 13 ለደብረ ታቦር በዓል ያዘጋጀናቸውን የቆዳ ማኅደሮች ታስታውሷቸዋላችሁ። ቆዳውን የቆረጡትና የሰፉት የራሳችን ልጆች ነበሩ፤ በላዩ የሚታተመውን ጽሑፍ በኮምፒዩተር ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔ ነበርሁ። ከሩቅ እንዲታይ ብዬ ካገኘሁት የፊደል ዐይነት ሁሉ ወፍራሙን መረጥሁ፤ ያም አልበቃ ብሎኝ ማወፈሪያውን ደግሜ ተጫንሁት። ማኅደሮቹ ተሠርተው ሲመጡ አንድ መሪጌታ አንዱን አንሥተው ገልበጥ አድርገው ተመለከቱና፥ «ልጄ፥ እመቤታችንን ‹ለምኝልን› ማለታችሁ ነው ወይስ ‹ሥዕል ሣዪልን›?» አሉኝ። «ሰአሊ ለነ» ልጽፍ አስቤ «ሠዐሊ ለነ» ብዬ አሳትሜ ነበር። ሰአለ ለመነ ነው፤ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው። ስሕተቱ በትንሽ ፊደል ቢሆን ምናልባት ማንም ልብ ሳይለው ያልፍ ነበር፤ እኔ ግን ከዐደባባይ ማዶ እንዲነበብ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዞኝ ቆየ፤ አባቶቻችን ፊደልን አግዝፈው ሲጽፉ ምን ያደርጉ ነበር? የሚል።

መልሱ ብዙ ርቆ አልተገኘም። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጐንደርን ከቈረቈሩ በኋላ በነገሥታቱ ጥላ ሥር የነበሩ ጸሐፍት አንድ ዐይነት አጻጻፍ እያሳደጉ ሄዱ፤ ስሙም «ጉልሕ» ይባላል። ከ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ድረስ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ፥ በአድያም ሰገድ ኢያሱና በተከታዮቻቸው ዘመን የተጻፉ ታላላቅ የቤተ መንግሥትና የአድባራት መጻሕፍት ይህንን መልክ ይዘዋል። ስለ ብራና ጽሕፈታችን ዕድገት እ.ኤ.አ. በ1988 ሰፊ ጥናት ያሳተመው ጀርመናዊው ሊቅ ሲግበርት ኡሊግም ጉልሕን የዚያ ዘመን መለያ አድርጎ ይቈጥረዋል። የጉልሕ አቻው «ረቂቅ» ነው፤ ያም በቀጭን ብርዕ የሚጻፈው ደቃቅ ጽሕፈት ነው።

ጉልሕ ዝም ብሎ የወፈረ ፊደል አይደለም። እኔ የሳትሁት እዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ አንድን ፊደል አወፍር ሲባል፥ ለዚያ የተቀረጸ ወፍራም መልክ ከሌለው፥ ያንኑ ቅርጽ በዙሪያው ጥቁር እየጨመረ ያሳብጠዋል። መሥመሩ ወደ ውስጥም ስለሚያብጥ በፊደሉ ሆድ ያለው ነጭ ይጠፋል። የእኛ ፊደል ደግሞ ትርጕሙን የሚሸከመው በዚያ ነጭ ነው። «ቢ»ንና «ቤ»ን የሚለያቸው በእግራቸው ላይ ያለው ጭረትና ቀለበት ብቻ ነው፤ ቀለበቱ ከተደፈነ «ቤዛ» «ቢዛ» ይሆናል። «ዐ» ከተደፈነማ የቀለም ጠብታ እንጂ ፊደል አይባልም፤ «ፀ»ም ወገቡ ላይ ያለው መሥመር አይታይም። የጐንደር ጸሐፊ ግን ፊደሉን ሲያገዝፍ መጀመሪያ የሸምበቆ ብርዑን ሰፋ አድርጎ ይቀርጻል፤ ከዚያ ቁመቱን፥ ሆዱን፥ በፊደልና በፊደል መካከል ያለውንም ቦታ አብሮ ያሰፋል። ጥቁሩ ሲያድግ ነጩም ያድጋል።

ይህ ደግሞ ዋጋ ነበረው። ብራና የሚወጣው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ነው፤ ቆዳው ይነከራል፥ በእንጨት ላይ ይወጠራል፥ ይፋቃል፥ ይደርቃል፥ በወስፌ እየተወጋ ይሠመራል። ለትልቅ መጽሐፍ ከአንድ ቆዳ አንድ ዕጥፍ፥ ማለትም ሁለት ቅጠል፥ ብቻ ቢወጣ 200 ቅጠል ላለው መጽሐፍ 100 ቆዳ ያስፈልጋል። ፊደሉ በእጥፍ ሲያድግ ደግሞ የሚበላው ቦታ በቁመትም በወርድም ስለሆነ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ጉልሕ ጽሕፈት የሚገባው የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ አስቀድሞ ይታሰብ ነበር። በሕዝብ ፊት ከፍ ብሎ የሚነበብ እንደ ወንጌልና እንደ ተአምረ ማርያም ያለው መጽሐፍ ይገባዋል። በጧፍ ብርሃን ለሚያነብ ካህን ዐይን የታሰበለት ይመስለኛል፤ የንጉሡን ክብር ማሳየቱም አብሮ እንደነበረ አልክድም።

በእኛ በደቡብ ጐንደር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሲሠራ ኖሯል። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም ያለችው በጋይንት ነው። በድጓ መጽሐፍ ላይ ከእያንዳንዱ መሥመር በላይ የዜማው ምልክት ይጻፋል፤ ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸውን ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ቃሉ ረቂቅ ነው፥ ምልክቱ ከቃሉም ይረቃል። ተማሪው የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋልና ቆዳ ሊያባክን አይችልም፤ በዚያም ላይ ፊደሉ ቢገዝፍ ምልክቱ ማረፊያ ያጣል። እንግዲህ በአንድ አገር፥ በአንድ ዘመን፥ ምናልባትም በአንድ ደብር ዕቃ ቤት ጉልሑና ረቂቁ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። የፊደሉን መጠን የወሰነው የጸሐፊው ምርጫ ብቻ ሳይሆን የመጽሐፉ አገልግሎት ነው።

ጥቁሩን ከማወፈር በፊት ሌላም መንገድ ነበራቸው፤ ይኸውም ቀይ ቀለም ነው። የአምላክ ስም፥ የእመቤታችን ስም፥ የምዕራፍ መጀመሪያ በቀይ ይጻፋል። ቁመቱ ሳይጨምር፥ ብርዑ ሳይለወጥ ቃሉ ከገጹ ተለይቶ ይወጣል። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ ደግሞ ከሥዕሎቹ አጠገብ ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ነው፤ ዋናውን የሚናገረው ሥዕሉ ስለሆነ ጽሑፉ አይሻማውም።

ከእነዚህ የጐንደር መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ የት እንዳሉ ሳስብ ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጬ መጻፌ ከባድ ይሆንብኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጐንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት በመቅደላ ለሚያሠሩት መድኃኔ ዓለም አኖሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1867 መገባደጃ ይህችን ከተማችንን አቃጥለው፥ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን እየጎተቱ ወደ መቅደላ ወጡ። በሚያዝያ 1868 መቅደላ ሲወድቅ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪታንያ ሙዚየም ተወሰዱ፤ ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ዝርዝራቸውን አሳተመ፤ ዛሬ በለንደን የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ክብረ ነገሥት በዐፄ ዮሐንስ ራብዓዊ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1872 ተመልሷል። የተወሰኑትን መጻሕፍት በፎቶግራፍ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል፤ እኔም ጉልሕን አስተውዬ የተመለከትሁት በዚሁ መንገድ፥ በተማሪዎች መኝታ ቤት ውስጥ በስልኬ ነው። የጐንደርን ጽሕፈት ከለንደን ተማርሁ ማለት ነው።

በመጻሕፍቱ ውስጥ የሚደንቅ አንድ ነገር አለ። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም በጸሎቱ መካከል በቀይ ይገባል፤ መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ ግን የቀድሞው ስም ይፋቅና የአዲሱ ይጻፍበታል። የተፋቀው ቦታ ብራናው ሳስቶ፥ ሻክሮ ይታያል። ይህን የማነሣው ለአዲሶቹ ማኅደሮች በተሰበሰብን ጊዜ «ገንዘብ የሰጡን ሰዎች ስም ከፊት በትልቁ ይጻፍ» የሚል ሐሳብ ስለ ቀረበ ነው። ብዙ ተከራከርን። ሐሳቡን ያቀረበው ወንድማችን ለምስጋና ብሎ እንጂ በክፋት አልነበረም፤ እኔ ግን ማኅደሩ የሚይዘው መዝሙረ ዳዊትን ነው ብዬ ተቃወምሁ።

ክርክሩን የቋጨልን የመሪጌታው የራሳቸው ዳዊት ነው። ከማኅደሩ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሽፋኑ በድጉስ ያጌጠ ነው፤ በጋለ ብረት የተተኰሰ መስቀል፥ በዙሪያው መሥመርና ሐረግ። አንድም ፊደል የለበትም። የጥንቶቹ መጻሕፍት በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው፤ ርእሳቸውን በውጭ አይጽፉም። እኔ የምርጫ ወረቀት ያህል ጽሑፍ የጫንሁበትን ቦታ አባቶች ባዶ ይተዉት ነበር።

የዘንድሮው ማኅደር ከውጭ የድጉስ መስቀል ብቻ አለው። «ሰአሊ ለነ» የሚለው ክዳኑ ሲገለጥ ከውስጥ ይታያል፤ ቃሉን መሪጌታ በሰፊ ብርዕ በወረቀት ጻፉልን፥ እኛም ቅርጹን ሳንለውጥ ወደ ቆዳው አሻገርነው። ቁም ጽሕፈት መማር የሚፈልጉ ሦስት ልጆች ከእሳቸው ዘንድ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀምረዋል፤ እስካሁን ገና ብርዕ መቅረጽ ላይ ናቸው። ካለፈው ዓመት ማኅደሮች የተረፉትን ፈትተን ዕልባት አድርገናቸዋል። አንዱን ግን ሳይፈታ አስቀርቼዋለሁ፤ የኮርስ ማስታወሻዎቼን እይዝበታለሁ፥ «ሠዐሊ ለነ» የሚለውም ከክፍሉ በር ላይ ይነበባል።