ኤስትሮጅን፣ ዘረመልና ኮሌስትሮል፦ የአንድ የሕክምና ተስፋ ታሪክ ከ1985 እስከ 2007

የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት በኦክቶበር 24 ቀን 1985 እትሙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሁለት ጥናቶችን አከታትሎ አወጣ። አንደኛው 32,317 ያረጡ አሜሪካውያን ነርሶችን ተከታትሎ፣ ኤስትሮጅን የሚወስዱት ሴቶች ከማይወስዱት ያነሰ የልብ ሕመም እንደሚገጥማቸው አስታወቀ። ሌላው በማሳቹሴትስ ግዛት በፍራሚንግሃም ከተማ 1,234 ሴቶችን መዝግቦ፣ በወሳጆቹ ላይ የልብና የደም ሥር ሕመም ከ50 በመቶ በላይ ከፍ ብሎ መታየቱን ጻፈ። ሁለቱም ምስክሮች የተከበሩ ናቸው፤ ሆኖም በተከታዮቹ አሥር ዓመታት ሐኪሞችን ያሳመነው የነርሶቹ ቃል ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ስንመረምር ከቁጥሩ ብዛት ይልቅ የማብራሪያው ውበት ይበልጥ የሠራ ይመስለናል። ሴት ስታርጥ በደሟ ውስጥ ያለው ኤልዲኤል፣ ማለትም በተለምዶ «መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ከፍ ይላል። በአፍ የሚወሰድ ኤስትሮጅን ደግሞ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም አብዝቶ እንዲሰበስብ ያደርጋል፤ «ጥሩ» የተባለውን ኤችዲኤልንም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የነርሶቹ መዝገብ ምክንያት ተገኘለት፤ የፍራሚንግሃሙ ግን ያለ ምክንያት ቀረ። ሆርሞኑን ለመውሰድ የመረጡት ሴቶች ቀድሞውኑ የተሻለ ጤናና ኑሮ የነበራቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ ያስጠነቀቁ አልጠፉም። ከዚያም አስቀድሞ፣ በ1970፣ የልብ ሕመም ለደረሰባቸው አሜሪካውያን ወንዶች የተሰጠው ከፍተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ጉዳቱ በዝቶ ተቋርጦ ነበር፤ ነገር ግን የወንዶች ነገር ለሴቶች አይጠቀስም ተብሎ ታለፈ።

የኮሌስትሮሉን ነገር በዕጣ ድልድል ያጸናው በ1995 የታተመው፣ 875 ሴቶችን ለሦስት ዓመት የተከታተለው ፔፒ የተባለው ጥናት ነው። ኤስትሮጅን ብቻውን ኤችዲኤልን በ5.6 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከፍ አደረገ፤ ለማሕፀን ጥበቃ ሲባል ሰው ሠራሽ ፕሮጀስቲን ሲጨመርበት ግን ትርፉ ከ2 በታች ወረደ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፦ የተለካው ደም እንጂ የልብ ዕድሜ አልነበረም።

ልብ ራሱ የተጠየቀው በ1998 ነው። ኸርስ በተባለው ጥናት ቀድሞ የልብ ደም ሥር ሕመም ያለባቸው 2,763 ሴቶች በአማካይ ለ4.1 ዓመት ታዩ። በሆርሞኑ ምድብ ኤልዲኤል በ11 በመቶ ዝቅ፣ ኤችዲኤል በ10 በመቶ ከፍ አለ፤ በልብ ሕመም የሞቱት ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም የደረሰባቸው ግን በአንዱ ወገን 172፣ በሌላው 176 ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢራ የተባለው ጥናት የ309 ሴቶችን የልብ ደም ሥሮች በምስል አነጻጽሮ፣ ኤችዲኤል በግልጽ ቢጨምርም የሥሮቹ መጥበብ እንዳልተገታ አሳየ።

ዘረመል ወደ ታሪኩ የገባው በዚህ ጭንቅ መካከል ነው። በሰሜን ካሮላይና የዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሄሪንግተንና ባልደረቦቹ የእነዚያኑ የኢራ ሴቶች ደም መርምረው፣ በማርች 2002 እንዲህ ሲሉ ዘገቡ፦ በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ በሚገኘው የኤስትሮጅን ተቀባይ ዘረመል፣ በአንድ ነጥብ ላይ ከእናትም ከአባትም «ሲ» የተባለውን ፊደል የወረሱት፣ ከመቶ 18.9 የሚሆኑት፣ በሆርሞን ሕክምና ኤችዲኤላቸው በ13.1 ሚሊግራም ሲጨምር የሌሎቹ በ6.0 ብቻ ጨመረ። ተስፋው ግልጽ ነበር፤ መድኃኒቱ ያልሠራው ያለ ምርጫ ለሁሉም ስለተሰጠ ይሆናል፣ ተስማሚዋን ሴት በዘሯ መለየት ይቻላል የሚል። እኛ ግን ምንጩን ስንመዝን፣ ሁለት «ሲ» የነበራቸው ከ60 እንደማይበልጡ፣ እነርሱም በሦስት የሕክምና ምድቦች እንደተከፋፈሉ ማስተዋል ይገባናል።

አራት ወር ሳይሞላ፣ በጁላይ 2002፣ 16,608 ሴቶችን ያቀፈው የሴቶች ጤና ተነሣሽነት የተባለው ታላቅ ጥናት የጥምር ሆርሞኑን ክፍል አቋረጠ፤ የልብ ደም ሥር ሕመም በ29 በመቶ፣ ስትሮክ በ41 በመቶ፣ የጡት ካንሰር በ26 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷልና። ለፍትሕ ያህል፣ በ2007 የወጣው ዳግም ትንታኔ ካረጡ አሥር ዓመት ያልሞላቸውን ሴቶች ለይቶ ሲያይ በልብ በኩል የተሻለ አዝማሚያ እንዳገኘ መጥቀስ አለብን።

የዘረመሉ ምስክርነት ደግሞ ከዚያ ወዲህ ተበታተነ። በ2003 ፍራሚንግሃም ያው ድርብ «ሲ» ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር ተያይዞ አገኘ፤ ይህም በተለይ በወንዶች ላይ ነው። በ2004 የኔዘርላንድሱ የሮተርዳም ጥናት በተቃራኒው፣ «ቲ» የተባለውን ፊደል የያዘው ውርስ ያረጡ ሴቶችን ለዚሁ ሕመም እንደሚያጋልጥ፣ በወንዶች ላይ ግን ምንም እንደማያሳይ ጻፈ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አጠቃላይ ሕግ ሊሆኑ አይችሉም።

በእኛ ሚዛን ክርክሩን የዘጋው የ2007ቱ የኮፐንሃገን ሥራ ነው። ከ23 እስከ 25 ዓመት የተከታተላቸውን 9,244 ሰዎች መርምሮ፣ ያ የዘረመል ልዩነት ኤችዲኤል ለሆርሞን የሚሰጠውን ምላሽም ሆነ የልብ ሕመምን አደጋ እንደማይለውጥ ደመደመ። ኤችዲኤል ራሱም ከዚህ በፊት በሌላ መንገድ ተፈትኖ ወድቆ ነበር፤ ቶርሴትራፒብ የተባለው መድኃኒት ኤችዲኤልን ከ70 በመቶ በላይ ከፍ ቢያደርግም የሚሞቱት በዝተው በዲሴምበር 2006 ሙከራው ቆሟል። እንግዲህ የሄሪንግተን ግኝት በሐሰት አይከሰስም፤ ጥቂት ሴቶች ላይ የታየ፣ በብዙዎች ላይ ያልጸና፣ የልብን ዕጣ በማይወስን ልኬት ላይ የተመሠረተ ግኝት ነበር። ዛሬ የሆርሞን ሕክምና የሚታዘዘው የማረጥን የሙቀት ስሜትና መሰል ችግሮች ለማስታገስ ነው፤ የአሜሪካ የመከላከያ አገልግሎቶች ግብረ ኃይል በ2022 ባደሰው ምክሩ ላይ ሥር የሰደዱ ሕመሞችን ለመከላከል ሲባል እንዳይወሰድ ይመክራል።