በአፍደም ያለፈው ጡሩምባ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጡሩምባ ነው። ስለ ሠርጉ አይደለም፤ ከሰልፈኛ ፊት ስለሚሄደው፣ ወታደር ሲሸኝም ሲቀበርም ስለሚነፋው የናስ ጡሩምባ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ኢየሩሳሌም ቢሆንም መንገዱ በእኛ በር ላይ ስለሚያልፍ፣ ከአፍደም ሆኜ ልንገራችሁ።

አፍደምን የማያውቅ ካለ፣ ከመኢሶ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ሙሉን ካለፈ በኋላ ያገኛታል። ቆላ ናት፤ ግራር፣ ግመልና ፀሐይ። ዛሬ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ውስጥ ትቆጠራለች፤ ድሮ ግን ሰው የሚያውቃት በባቡሩ ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር። ያኔ ባቡር ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ ድሬዳዋ ያድራል፣ በማግሥቱ አዋሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። አፍደም የሁለተኛው ቀን ናት፤ የጅቡቲ ሽር ጉድ ያለቀበት፣ የደጋው ብርድ ያልመጣበት፣ መንገደኛው አቧራ ለብሶ ዝም የሚልበት ቀን።

እንግዲህ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሊጎበኙ በዚህ ሐዲድ ወረዱ። በመንገዳቸው ኢየሩሳሌም ሲደርሱ፣ በአርመኖች ገዳም አንድ የናስ ባንድ ተቀበላቸው። ነፊዎቹ ልጆች ናቸው፤ አባት እናት የሌላቸው። ወላጆቻቸው በኦቶማን ቱርክ በ1907 በጀመረው እልቂት አልቀዋል። ራስ ተፈሪ ሙዚቃውን ሰሙ፣ ልጆቹን አዩ፣ ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋገሩና አርባውን ወደ አገራቸው ለመውሰድ ተስማሙ። እኛ እስከ ዛሬ «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱን ነው። ፎቶግራፋቸውን ያየ ሰው አብዛኞቹን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው ቢል አይፈረድበትም፤ አንዳንዱማ ከያዘው ቱባ ያንሳል።

ጳጉሜ 1 ቀን 1916 አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አፍደምን አልፈዋል ማለት ነው። ባቡሩ በእንፋሎት የሚሄድ ነበርና በየጣቢያው ቆም እያለ ውሃ ይቀዳል። እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር፤ ተራኪ ነኝና ፍቀዱልኝ። ከልጆቹ አንዱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ግመል ሲያይ፣ የግመሉ ባለቤት ደግሞ ልጁን ሲያይ ይታየኛል። ማንም ማንንም አያውቅም። ጡሩምባውን ግን በዚያ ሙቀት አውጥቶ አልነፋም፤ ይህን እርግጠኛ ሆኜ እነግራችኋለሁ። ፀሐይ የመታው የናስ አፍ ከንፈር ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ነፊ የሆነ ያውቀዋል።

እርግጥ የናስ ሙዚቃ በእነሱ አልተጀመረም። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለምኒልክ የናስ መሣሪያ ልከው ነበር፤ ሰልፍም ተሰልፎበታል። ከዚያ በፊትማ ነጋሪቱ፣ እምቢልታውና መለከቱ ነበሩ። አርባዎቹ ልጆች ግን ሥራውን ሙያ አደረጉት። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የአይንታብ ሰው ነው፤ እሱም ከዚያው እልቂት የተረፈ። ራስ ተፈሪ አዲስ ማርሽ ሥራ አሉት፤ ሠራ። ግጥሙን የጎጃሙ ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፈለት። «ማርሽ ተፈሪ» ተባለ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ተፈሪ ዘውድ ሲጭኑ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ተሰማ፤ እስከ አብዮቱም ዘለቀ።

አስቡት እስቲ። ከአርባ ዓመት በላይ የኢትዮጵያ ወታደር ቀጥ ብሎ የቆመለት፣ ሬሳ በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍኖ ሲያልፍ የተነፋው ዜማ፣ ከእልቂት የተረፈ ሰው የደረሰው ነበር። ሐዘን የተማረ ሰው ነው ያስተማረን ብል ግነት አይሆንብኝም።

ደግሞ የሐዘን ማርሽ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፈጣን ማርሽ እግር ይዞት ይሮጣል። ቀስ ያለው ግን ጣጣ አለው፤ እርምጃው ሲዘገይ ትንፋሹ መርዘም አለበት፣ ከንፈር ይዝላል፣ ድምፁ መሀል ላይ ይንቀጠቀጣል። ከበሮው በጨርቅ ይታፈናል፤ እንደ ሌላው ቀን እንዳይጮህ። ልጅ ነፊ በዚህ ጊዜ ነው የሚለየው። ጉልበት ያለው ሁሉ መጮህ ይችላል፤ ቀስ ብሎ መንፋት ግን ዓመታት ይፈልጋል።

ከዚያ ጣልያን መጣ። መጋቢት 1928 ማይጨው ላይ ጦራችን የገጠመውን ሽንፈት ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ ላይ ንጉሡ ራሳቸው በዚሁ ባቡር፣ በዚሁ በአፍደም በኩል ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ያን ቀን ማርሽ የነፋላቸው ያለ አይመስለኝም። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ውስጥ ያለቀው ሕዝብ ደግሞ ወታደር እንኳ አልነበረም፤ ዛሬ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን ይቀመጥለታል።

አሁን ወደ ቃኘው፣ ኮርያ ወደ ዘመተው ጦራችን ልምጣ፤ አፍደም እንደገና የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ሚያዝያ 1943 የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ። ስሙ የንጉሡ አባት የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። አዛዡ ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። የደጋ ልጆች ናቸው የሚበዙት፤ ባሕር አይተው የማያውቁ። በዚህ ጣቢያ በመስኮት አንገታቸውን ሲያወጡ ያዩት ያንኑ ግራርና ያንኑ ግመል ነው። ከጅቡቲ በመርከብ ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዘው ኮርያ፣ ፑሳን ወረዱ። ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። በኋላም በሌሎች የቃኘው ሻለቆች ተተኩ። ከሁሉም ሻለቆች ከ120 በላይ ሞቱ፣ 536 ቆሰሉ፣ አንድም አልተማረከም። የሞቱት አስከሬናቸው ወደ አገር ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አረፈ።

ስለ ጀግንነታቸው ብዙ ተብሏል፤ አልደግመውም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የቃኘው ሰዎች ዶንግዱቾን በምትባል የኮርያ ከተማ ለጦርነቱ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋሙ፤ ቦህዋዎን ይባላል። ከደመወዛቸው ቀንሰው ልጆቹን አበሉ፣ አለበሱ። ከወላጅ አልባ ልጆች ባንድ በተወለደ መዝሙር የተሸኘ ጦር፣ ዓለም ዳር ሄዶ ወላጅ አልባ ልጅ ሰበሰበ። ይህን ነገር ማንም አቅዶ አላደረገውም። ለዚህም ነው የምወደው።

ሲመለሱስ? ለጥቂት ዓመታት ክብር ነበር። ደርግ ሲመጣ መዝሙሩ ተለወጠ፤ ከኮሚኒስት ጋር የተዋጋ ሰው ሜዳልያውን ሣጥን ውስጥ ከተተ። ለእነሱ የሚነፋ ጡሩምባ ለ17 ዓመት ጠፋ።

ጅጅጋ አጠገብ ካለው ካራማራ ተራራ ስደርስ ግን ወሬዬ ይደናቀፋል። በ1969 መገባደጃ፣ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት፣ የሐዲዱ ድልድዮች ፈነዱ፣ ባቡሩ ቆመ። መስከረም 1970 ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ የካቲት 26 ቀን 1970 የኢትዮጵያና የኩባ ጦር አስመለሳት። አዲስ አበባ ያለው ትግላችን ሐውልት የዚያ መታሰቢያ ነው፤ የወደቁት ኩባውያን ምስልም እዚያው አለ። በነገራችን ላይ ሐውልቱን በማቆም ያገዙት ሰሜን ኮርያውያን ናቸው። ቃኘው የተዋጋቸው! ታሪክ አንዳንዴ ቀልደኛ ነው።

በየዓመቱ የካቲት 26 የማርሽ ባንድ ይሰለፋል፣ ጉንጉን ይቀመጣል። የሚነፋውም ለአንዱ ወገን ነው። ይህን ለወቀሳ አላልኩትም፤ የድል በዓል ነው፤ ድል ደግሞ ባለቤት አለው። ነገር ግን በዚህ ቆላ ድንበር ዘመድ አይለይም። አንድ ቤተሰብ ውስጥ በወዲህ በኩል የወደቀ አጎት አለ፣ በወዲያ በኩል የወደቀ አጎት ሊኖር ይችላል። ለአንዱ ባንድ አለው። ለሌላው በሶማልኛ ግጥም ይገጠምለታል፤ ሶማሌ ደግሞ በግጥም አይታማም።

ኬቮርክ ቢኖር ለሁለቱም የሚሆን ማርሽ ይደርስ ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይመስለኝም። ማርሽ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቅ ሙዚቃ ነው፤ ሁለት አቅጣጫ አይችልም። ግጥሙ ይችል እንደሆነ ግን እኔን አትጠይቁኝ፤ ሶማልኛዬ ገበያ ከመገበያየት አያልፍም። እዚያ ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ ከጀመርኩ ጀምሮ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነበር። አቦ፣ ቦታ ልቀቁላቸው፤ ተራው የእሳቸው ነው።